ከሚዛን በላይ አንድ እፍኝ

ጭቃው ከካናዳ በበርሜል መጣ። አራት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜሎች ከጭነት መኪና ወርደው ከላብራቶሪው የኋላ በር አጠገብ ተደረደሩ። አለቃችን የአንዱን ክዳን ከፍቶ አሸተተና ፊቱን አጨማደደ።

«ሰው የቤቱን ቆሻሻ ትራንስፖርት ከፍሎ ሲልክ ዛሬ ገና አየሁ» አለ።

እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁት። ግራጫ ነው። ጣቴን ስሰድበት እንደ ቅባት አሟለጨኝ። የአሮጌ ጋራዥ ሽታ አለው። ላብራቶሪው ባለበት፣ ከዴንቨር ጥግ፣ ኮሜርስ ሲቲ ውስጥ ሽታ ብርቅ ስላልሆነ አልገረመኝም። ነፋሱ በአንድ በኩል ሲመጣ የነዳጅ ማጣሪያው፣ ዞር ሲል የውሻ ምግብ ፋብሪካው ይሸተናል። ማሪዋና በሱቅ መሸጥ ከተፈቀደ ወዲህ ደግሞ በየመጋዘኑ የሚበቅለው ተጨምሮበታል። ወደ ቤት ስገባ እናቴ ጃኬቴን በሁለት ጣት ይዛ በረንዳ ላይ ትሰቅለው ነበር።

ከበርሜሎቹ ጋር የመጣውን ወረቀት ማንም ሳያዘኝ አነበብኩት። በካናዳ ሰሜን ነዳጅ ያዘለ አሸዋ ይቆፈራል። አሸዋው በሙቅ ውሃ ይታጠብና ነዳጁ ይወጣል፤ የታጠበበት ውሃ ከነጭቃው ትልልቅ ኩሬ ውስጥ ይጠራቀማል። ችግሩ ጭቃው ነው። ከመላሙ የተነሣ አይዘቅጥም። ዓመት ቢጠብቁት፣ አሥር ዓመት ቢጠብቁት ውሃውን አቅፎ ይቀመጣል። ወፎች እንዳያርፉበት በየጊዜው ባዶ መድፍ ይተኮሳል። አሁን አንድ ድርጅት ይህን ጭቃ አድርቆ፣ በኃይለኛ እሳት አቃጥሎና ፈጭቶ ኮንክሪት ውስጥ የሲሚንቶን ቦታ በከፊል እንዲይዝ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ማወቅ ፈልጓል። ሲሚንቶ ራሱ ድንጋይ ተቃጥሎ የሚሠራ፣ ጭሱ የበዛ ነገር ነው። ጭቃው ከሠራ ኩሬውም ይጎድላል፣ ጭሱም ይቀንሳል።

ይሥራ አይሥራ የምንነግራቸው እኛ ነበርን።

ሥራችን ኮንክሪት መስበር ነው። ድልድይ ሲሠራ፣ የመኪና ማቆሚያ ሲሠራ፣ ያኔ ገና እየተሠራ ለነበረው የኤርፖርት ባቡር ምሰሶ ሲቆም፣ ከሚፈሰው ኮንክሪት ላይ ትንሽ ተቀንሶ የቡና ቴርሞስ በሚያህል የፕላስቲክ ቅርጽ ይሞላል። ሲጠነክር ሲሊንደር እንለዋለን። እርጥበት ክፍል ውስጥ ሃያ ስምንት ቀን ይከርምና መጭመቂያ ማሽን ውስጥ ገብቶ እስኪሰበር ይጨመቃል። የተሰበረበትን ቁጥር እንጽፋለን። እናቴ «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ሲሏት «ላብራቶሪ ነው የምትሠራው» ትል ነበር። ሰው ደም የምመረምር ይመስለዋል፤ እሷም አታስተባብልም።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ኮሌጅ ሁለት ሴሚስተር ተምሬ ትቼዋለሁ። ግጥም እጽፋለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም። ከመዝሙር፣ ከሠርግ ዘፈን፣ ከእናቴ እርግማን እየለቀምኩ ነው የተማርኩት። የምጽፈው በተሰበሩ ሲሊንደሮች ወረቀት ጀርባ ላይ ነበር። አለቃችን አንድ ቀን አንዱን አገላብጦ አየና፣ ፊደሉን ማንበብ ባይችልም ነገሩ ገባው። ከዚያ ወዲያ «ገጣሚዋ» ሆንኩ። ስድብም ሙገሳም አልነበረም፤ እንደ ጫማ ቁጥር ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ይህን ጭቃ ከስደተኛ ጋር አላመሳስለውም። እኔና እናቴ በምንኖርበት በአውሮራ ለወጣቶች በተዘጋጀ አንድ ምሽት ላይ ስለ ሥራዬ ሳወራ፣ ጥሩ ልብ ያላቸው ሦስት ሰዎች ተራ በተራ «ይሄማ አንቺ ነሽ! እኛ ነን! የተጣለው ጠቃሚ ሲሆን!» አሉኝ። እኔ አልተጣልኩም። እናቴ ስምንት ዓመት ጠብቃ፣ ቪዛ አስመትታ፣ አውሮፕላን መስኮት ዳር አስቀምጣ ነው ያመጣችኝ። ጭቃው ጭቃ ነው። ስለ ጭቃ መናገር ስፈልግ ስለ ጭቃ እናገራለሁ።

ላብራቶሪው ውስጥ አማርኛ የማወራው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነበር። ጋሼ ነው የምላቸው። ስድሳን አልፈዋል። ሞጆ ገበያ ላይ ሠላሳ ዓመት እህል ሸጠው፣ ልጃቸው አሜሪካ አምጥታቸው፣ ግሪን ቫሊ ራንች ውስጥ ከሷ ጋር ይኖሩ ነበር። መጀመሪያ የተቀጠሩት ያገለገለ ቅርጽ ለማጠብ ነው። ጭቃው ሲመጣ ሰው አጠረና ሚዛን ላይ ተመደቡ፤ እሳቸው ይመዝናሉ፣ እኔ አቀላቅላለሁ። ሹመት ነው ብለው ሸሚዝ ለበሱ። የባለቤታቸው የስኳር መድኃኒት የሚወጣው በዚህ ሥራ ኢንሹራንስ ነበር። ልጃቸው ኡበር ነው የምትነዳው፤ እሷ ጋ ኢንሹራንስ የሚባል ነገር የለም። ይህን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጠዋት ከአውሮራ በመኪናቸው ይዘውኝ ሲሄዱ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ።

ጭቃውን አድርቀን በምድጃው ውስጥ አቃጠልነው። ምድጃችን ትንሽ ናት፣ ግን ብረት ታቀላለች። በማግስቱ በሩን ስንከፍት ግራጫው ጠፍቷል። ደብዘዝ ያለ ብርቱካናማ ሆኗል። ስንፈጨው ሽታውም አልነበረም። ጋሼ በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው አሹት፣ ወደ ብርሃን አነሡት።

«ሽሮ!» አሉ። «እውነቴን ነው፣ ሽሮ ብለሽ ብትሸጭው የሚገዛሽ አታጪም።»

«ቅመሱታ ጋሼ።»

«አንቺ ቅመሺ፣ አንቺ አይደለሽ ሳይንቲስቷ።»

ሳቅን። አለቃችን ከመስታወት ኋላ አየን። የምንስቅበትን ስለማያውቅ በራሱ የሳቅን ይመስለዋል፤ አንዳንዴም እውነቱን ነው።

የመጀመሪያውን ቅይጥ ሰኞ፣ ሁለተኛውን ረቡዕ ሠራን። ጋሼ ሲሚንቶውን፣ ሽሮውን፣ አሸዋውን፣ ጠጠሩን በየባልዲው መዝነው ያቀብሉኛል፤ እኔ ሚክሰር ውስጥ እጨምራለሁ፣ የታዘዘውን ውሃ አፈስሳለሁ። ቅይጡ አስቸገረኝ። ደረቅ ነው፤ ሚክሰሩ እያቃሰተ ያዞረዋል፤ ከግድግዳው ላይ ተጣብቆ አልወርድም ይላል። ተቃጥሎ የተፈጨ ሸክላ ውሃ እንደሚወድ ወረቀቱ ላይ አንብቤአለሁ። ስለዚህ በቡና ስኒዬ ውሃ ቀዳሁና ጨመርኩለት። ትንሽ ነው ብዬ አልጻፍኩትም። ረቡዕ የባሰ ደረቀ፤ ሁለት ስኒ ጨመርኩ። እሱንም አልጻፍኩትም።

በሰባተኛው ቀን ከየቅይጡ ጥቂቱን ቀደም ብለን ሰበርን፤ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ለማየት ነው። ጥሩ ኮንክሪት ሲሰበር ይጮሃል፤ እንደ ጥይት ነው የሚፈነዳው። የኛ ግን እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረካከሰ። የሰኞው ደካማ፣ የረቡዑ ከሱም የባሰ። ያው አንድ ዓይነት አሠራር፣ ያው አንድ ዓይነት ወረቀት፣ ግን ሁለቱ ቁጥሮች እህትማማች እንኳ አይመስሉም።

አለቃችን ወረቀቱን አየና እስክሪብቶውን አፉ ውስጥ አደረገ።

«ቆሻሻ ቆሻሻ ነው» አለ። «አርብ ለደንበኛው እጽፍለታለሁ። የተረፈውን በርሜል የቆሻሻ መኪና ይውሰደው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቁጥሩ እንዲህ የሚዘበራረቀው ግን በጭቃው ብቻ አይደለም። ሽማግሌው ሚዛን የሚያነቡ አይመስለኝም። የሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻቸው ይሆናል።»

«ያነባሉ» አልኩት።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ጋሼ ራዲዮ ከፍተው ስለ ትራፊክ ያማርራሉ፤ እኔ እጃቸውን አያለሁ። መሪውን የያዘውን ያን እጅ። ሠላሳ ዓመት እህል የሰፈረ እጅ እንዴት ሚዛን ይስታል?

በማግስቱ ለሌላ ሥራ ሲመዝኑ፣ ወረቀት የማስተካክል መስዬ ከጎናቸው ቆምኩ። ባልዲውን ሚዛን ላይ አስቀመጡ። ሲሚንቶ በመዛቂያ ጨመሩ፣ ቀነሱ፣ ጨመሩ። ቁጥሩ ልክ የታዘዘው ላይ ሲቆም መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት፤ ጻፉት። አንድ ነጥብ አልተዛነፈም። ባልዲውን ከሚዛኑ አወረዱ። ከዚያ፣ ለኔ ሊያቀብሉ ዞር ሲሉ፣ ግራ እጃቸው ወደ ከረጢቱ ገባና አንድ እፍኝ ሙሉ ይዞ ወጣ፤ ባልዲው ላይ በተን አደረገው። ዓይናቸው እንኳ አላየውም። እንደ ማማተብ ነው፣ እጁ ብቻውን የሚያውቀው።

«ጋሼ፣ ምን ጨመሩ?»

«የቱ ላይ?»

«አሁን። በግራ እጅዎ።»

እጃቸውን አዩት። አቧራውን አዩ። የሰረቀ እጅ እንዳየሁባቸው ዓይነት አላዩኝም፤ ይልቁን ጥያቄዬ ነው ያስገረማቸው።

«ምራቂ ነዋ!»

«ምራቂ?»

«ምነው፣ አታውቂም? ገበያ ሄደሽ አታውቂም? ከሰፈርሽ በኋላ ለገዢው አንድ እፍኝ ትጨምሪለታለሽ። በሚዛን ልክ ቆርጦ የሚሰጥማ ደረቅ ነው፣ ሁለተኛ ማን ይመጣለታል?»

«ለጭቃውም ጨምረዋል?»

«ለሱማ ሁለት እፍኝ!» አሉ። «ያን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ፣ ሁሉ ሲሰድበው…»

ቁጭ አልኩ። ያንን የገበያ ቅይጥ በኔ ሚክሰር ውስጥ አየሁት። ላብራቶሪ ውስጥ የምንሠራው ቅይጥ ትንሽ ነው፤ አንድ እፍኝ የዋዛ አይደለም። ጋሼ ሽሮውን ሲጨምሩበት ይደርቃል። ሲደርቅ እኔ ውሃ እጨምራለሁ። ውሃ የበዛበት ኮንክሪት ደግሞ ደካማ ነው፤ ይህ መጀመሪያ ቀን የተማርኩት ነገር ነው። እሳቸው ባወቁት ልማድ መረቁ። እኔስ? እኔ እያወቅኩ፣ ሳልጽፍ፣ በቡና ስኒ። ከሁለታችን ጥፋተኛ ማን እንደሆነ ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም።

ነገርኳቸው። ቀስ ብዬ የእፍኙንም የስኒዬንም ነገርኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ለሰውዬው ልትነግሪው ነው?»

«አርብ ደብዳቤ ይጽፋል ጋሼ። ጭቃው አይሠራም ብሎ ነው የሚጽፈው። ውሸት ነው።»

«ጭቃ ነው'ኮ ልጄ! ስም የለው፣ ዘመድ የለው። ውሸት ቢጻፍበት ማን ያለቅሳል? እኔ ግን ቤት ውስጥ መርፌ የምትወጋ ሰው አለችኝ።»

ይህ እውነት ነው። ግን ዝም ብንልም እሳቸው ከሥራ ሊወጡ ነበር፤ ሚዛን አያውቁም ተብለው። ሠላሳ ዓመት ሲሰፍሩ ኖረው ሚዛን አያውቁም መባልን እኔ ልቀበለው አልቻልኩም። ይህንንም ነገርኳቸው። አለቃው ያለውን እስከዚያች ደቂቃ ደብቄያቸው ነበር።

ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ።

«ሚዛን አያውቅም አለኝ?»

«አዎ።»

«እኔን?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሂጂ ንገሪው» አሉ። «ግን ሌባ እንዳይለኝ። አሳጥረሽ እንዳትተረጉሚብኝ።»

አሳጥሬ አልተረጎምኩም። አለቃችን ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ስለ ምራቂ ነገርኩት። ስለ ገበያ፣ ስለ እፍኝ፣ ስለ ልማዱ ሁሉ። ከዚያ ስለ ቡና ስኒዬ። ፊቱ መጀመሪያ ወደ ሳቅ፣ ቀጥሎ ወደ ንዴት ሄደ።

«ስለዚህ ሁለታችሁም አበላሽታችኋል።»

«አዎ። እኔ የባሰ። እሳቸው አላወቁም፣ እኔ አውቄአለሁ።»

«እና ይህን የምትነግሪኝ እንድሸልምሽ ነው?»

«ደብዳቤው ላይ ጭቃው ወደቀ ብለህ እንዳትጽፍ ነው። ጭቃው አልተፈተነም። የተፈተንነው እኛ ነን። ለአንድ ቅይጥ የሚበቃ ዱቄት ተርፏል፤ እንደገና እንሥራው።»

«እሺ ገጣሚዋ። ከዚህ በኋላ የምትመዝኚው አንቺ ነሽ።»

«አይደለም» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ፤ ከመስታወቱ ውጭ ጋሼ ቀና ሲሉ አየሁ። «የሚመዝኑት እሳቸው ናቸው። እኔ ብመዝን፣ ሲሳካ ሽማግሌው ነበሩ ያበላሹት ትላለህ።»

«ካልተሳካስ?»

«የኔን የሥራ መታወቂያ ካርድ ትወስዳለህ። የሳቸውን አይደለም።»

ጀግና ለመሆን አልነበረም። ያን ሰሞን ቁጣ ቁጣ ይለኝ ነበር፤ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሰው እሱ ሆነ። ደግሞም እንደማያባርረኝ ገምቼ ነበር፤ በክረምት ሲሊንደር ተሸክሞ ሳይት ለሳይት የሚዞር ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። እስክሪብቶውን ከአፉ አወጣ። ለደንበኛው ደውሎ አንድ ወር ጠየቀ። ለደንበኛው የሰጠውን ምክንያት ስወጣ በሩን ስላልዘጋሁት ሰማሁት፤ «የአመዛዘን ስሕተት» አለ። ምራቂን አላነሣም፤ ስኒዬንም አላነሣም።

ወደ ቤት ስንሄድ ጋሼ ራዲዮ አልከፈቱም። ፒኦሪያ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ሲያቆመን፣ «የጮህሽበት ስለኔ ነው?» አሉኝ።

«ስለ ሁላችንም ነው።»

«አትጩሂ። ሴት ልጅ ስትጮህ ደስ አይልም።»

«አርቲስት ነኝ ጋሼ።»

«እሱማ ነው ያስቸገረን።»

ሰኞ ጠዋት እንደገና ጀመርን። አለቃችን ክንዱን አጣምሮ ከሚዛኑ አጠገብ ቆመ። ጋሼ ሸሚዛቸውን ለብሰዋል፤ ግራ እጃቸውን ሱሪ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። በአንድ እጅ ብቻ መዛቅ፣ ማስተካከል፣ መጻፍ። ሲሚንቶው ልክ ሆነ። ሽሮውን ሲመዝኑ ቁጥሩ ልክ ላይ ቆመ፤ ባልዲውን አወረዱ። ኪሳቸው ውስጥ ያለው እጅ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ጨርቁ ከውስጥ ተነሣ፣ ወደቀ። ጋሼ ጥርሳቸውን ነከሱ። የገዢ ዓይን እያየ ምራቂ የሚነፍግ ሰው መሆን ምን ያህል እንዳሳፈራቸው ከዚያ ክፍል ውስጥ የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ባልዲውን ሲያቀብሉኝ፣ «ይቅር ይበለኝ» አሉ፤ ለኔ ይሁን ለጭቃው አላውቅም።

ቅይጡ አሁንም ደረቅ ነበር፤ እንደ በፊቱ ግን አይደለም። ስኒዬ መደርደሪያ ላይ ነበረች፤ አላየኋትም። ወረቀቱ የሚያዘው ኮንክሪት ያለ ውሃ የሚያለሰልስ ፈሳሽ ነበር፤ በፊት ለመለካት ሰልችቶኝ የተውኩት። በሲሪንጅ ለካሁ፣ ጻፍኩ፣ ጨመርኩ። ሚክሰሩ ማቃሰቱን ተወ። ቅርጾቹን ስሞላ በየንብርብሩ በብረት ዘንግ ወጋሁት፤ አየር እንዳይቀር፣ ክንዴ እስኪዝል።

ወረቀቱ ሦስት ሲሊንደር ይላል። ሦስቱን ሞላሁ። ሚክሰሩ ግድግዳ ላይ ጥቂት ተርፎ ነበር፤ ልጠርገው ስል ጋሼ አንድ ባዶ ቅርጽ አምጥተው ፊቴ አኖሩ።

«ሙዪው።»

«ሦስት ነው የሚለው ጋሼ።»

«ሦስቱን ሰጠነው'ኮ። በልኩ ሰጠነው። ይሄ የኔ ነው፤ ምራቂ።»

አለቃችን «ምን አሉ?» አለ። «ንጹሕ አድርጊው አሉኝ» አልኩት። አራተኛውን ሞላሁ። ሳይጠነክር በምስማር ጫፍ ከላዩ ላይ ሁለት ስንኝ ጻፍኩበት፦

ጥራጊ ነው ብለው ከደጅ የጣሉት፣
ደፍ ሆኖ ጠበቀ ሲገቡ ሲወጡት።

ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ። «ቤት ይመታል» አሉ። «ግን ገና ሳይጠነክር ‹ጠበቀ› ማለት መቸኮል ነው።»

ሃያ ስምንት ቀን ረጅም ነው። እናቴ ከሥራ ስትመለስ፣ የአረጋውያን ማእከል ውስጥ ነው የምትሠራው፣ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ከትታ «ዛሬስ አላባረሩሽም?» ትለኛለች። «ገና ነው» እላለሁ። «ስለ ጭቃ ብላ ከሥራ ወጣች ብዬ ለሰው ልናገር ነው?» ትላለች። «ስለ ሚዛን በይ» አልኳት። አንድ ቀን ግን፣ ሌላ ነገር ስታወራ ቆይታ፣ «ሰውዬው እጁን ኪሱ ከተተ?» ብላ ጠየቀችኝና አንገቷን ነቀነቀች። «አይ፣ እንዴት ከበደው!»

በዚያ መሐል በረዶ ጣለ፣ ቀለጠ፤ እንደ ዴንቨር ልማድ በማግስቱ በቲሸርት ዋልን። እርጥበት ክፍሉ ውስጥ የገባሁበት ምክንያት ሁልጊዜ ሌላ ነበር። አራቱ ሲሊንደሮች ላይ ውሃው እንደ ጤዛ ይንጠባጠባል። ከሌሎቹ ግራጫዎች መሐል በመልካቸው ይለያሉ፤ ፈካ ማለታቸው ያሳብቃል።

ቀኑ ሲደርስ ጋሼ የመጀመሪያውን ራሳቸው አምጥተው ማሽኑ ላይ አቆሙት። አለቃችን መከላከያ መነጽሩን አደረገ። ማሽኑን ጀመርኩ። ቁጥሩ መውጣት ያዘ። የሰባተኛ ቀኖቹ የተፈረካከሱበትን አለፈ። ወጣ። ደንበኛው በወረቀት ያሰፈረው ዝቅተኛ ቁጥር ጋ ተቃረበ፤ ሲያልፈው ጋሼ «በል!» አሉ፣ ለፈረስ እንደሚሉት። ማሽኑ ቀጠለ። ከዚያ ፈነዳ። ጥይት ነው። የብረት መከለያው ተንቀጠቀጠ፣ አለቃችን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ሁለተኛውም ጮኸ። ሦስተኛውም። የሦስቱ ቁጥሮች እህትማማቾች ነበሩ።

አለቃችን ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየ። «አንድ ጥሩ ቅይጥ ማስረጃ አይሆንም» አለ። ልክ ነው፤ እኔም ብሆን ያን እል ነበር። «ግን አልወደቀም ብዬ እጽፋለሁ።»

«የመዘነው ሰው ፊርማስ?»

«አንቺ ፈርሚ።»

«እኔ አልመዘንኩም።»

እስክሪብቶውን ለጋሼ ሰጣቸው። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል በአማርኛ ጻፉ፤ ትልቅ አድርገው፣ ከመስመሩ አስወጥተው። አለቃችን በእንግሊዝኛ እንዲሆን አስቦ እንደሆነ እንጃ፣ አፉን ከፈተና ዘጋው። ጋሼ በሚቀጥለውም ሳምንት፣ ከዚያ በኋላም ሚዛን ላይ ነበሩ። ግራ እጃቸው ግን ከኪሳቸው አልወጣም።

የካናዳው ድርጅት ከዚያ ወዲያ ምን እንዳደረገ አላውቅም። ደብዳቤው ሄደ፣ «ደርሶናል» ተባለ፣ ሌላ በርሜል አልመጣም። ኩሬው አሁንም ወፍ እያባረረ ይሆናል። ለኛ ዓይነቱ ሰው ውጤቱን ደውሎ የሚነግር የለም።

ያን ቀን ግን ገና አላለቀም ነበር። አለቃችን እርጥበት ክፍል ገብቶ ሲወጣ አራተኛውን ሲሊንደር በእጁ ይዟል።

«ይሄ ምንድን ነው? ወረቀት ላይ የለም።»

«ትርፍ ነው» አልኩ።

«ወረቀት ላይ የሌለ ነገር አይቀመጥም። ወይ ሰብረሽ ጻፊው፣ ወይ ኮንቴይነሩ ውስጥ ጣዪው።»

ኮንቴይነሩ ውጭ ያለው የስብርባሪ መጣያ ነው። ጋሼን አየኋቸው። የግራ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ተጨብጦ ቆሟል።

«አልሰብረውም» አልኩት። «አልጥለውምም።»

ከእጁ ተቀበልኩት። ሕፃን ያህል ይከብዳል፤ ደረቴ ላይ አቅፌ በዋናው በር፣ በቢሮው መሐል፣ ስልክ በምታነሣው ልጅ ፊት አልፌ ወጣሁ። ማንም አላቆመኝም። ሲሊንደሩ ሸሚዜን አረጠበው። የጋሼ መኪና የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኩትና ቀበቶ አሰርኩለት። ጋሼ ተከትለውኝ መጥተው ቀበቶውን አይተው፣ ሳቅ ሲይዛቸው መኪናውን ተደገፉ።

ሲሊንደሩ ዛሬ ግሪን ቫሊ ራንች፣ ጋሼ ቤት ደጃፍ ላይ ነው ያለው። እዚያ ሜዳ ነው፣ ነፋሱን የሚያቆም ዛፍ የለም፤ የውጭውን በር እየገነጠለ ያስቸግራቸው ነበር። በሩን ከፍተው ሲሊንደሩን ያስጠጉታል። እንግዳ ሲመጣ፣ ጋሼ ግጥሙን በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ፤ «ያኔ ቸኩላ ነበር፣ አሁን ግን እውነት ሆነ» ይላሉ።

የሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪ የሆነ አንድ ጎረቤታቸው አንድ ቀን አንሥቶ አገላበጠውና፣ ስንት እንደሚሸከም ጠየቀኝ። ትምህርት ቤታቸው ማሽን አለ፤ ወስዶ ሊያስሰብረው ፈለገ።

«መልሰህ አስቀምጠው» አልኩት። «ሦስቱ ተለክተዋል። ይሄ አይለካም።»